የጫት ልብ

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። መጀመሪያ የምትሰሙኝ እናንተ ናችሁ። ደግሞ አንገቴን ደፍቼ የምናዘዝ እንዳይመስላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ የልብ ምት ከኔ የተሻለ የሚያነብ ነርስ ካለ ይምጣና እንተያይ! ጥፋቴም የመጣው ከዚሁ ኩራቴ ነው።

ያኔ ድንገተኛ ክፍል እሠራ ነበር። የልብ ምት የሚሳልበት የኢሲጂው ወረቀት ከማሽኑ ወጥቶ ሳያልቅ እፈርዳለሁ። በሁለት ረጃጅም ጫፎች መሃል ያሉትን ካሬዎች በዓይኔ ለክቼ ፍጥነቱን እናገራለሁ። ሐኪሞቹም «እሷ ካለች አለች ነው» ይሉ ነበር። ቁራጭ ወረቀት አስጠግቶ፣ ጫፎቹ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎ፣ እያንሸራተቱ ምቱ እኩል መሆኑን ማጣራት የሚባል ነገር አለ። የጀማሪ ሥራ ነው ብዬ እስቅበት ነበር። ከአስር ሰዓት በኋላ ከበርጫ፣ ከጫት መቃሚያው፣ ተነስቶ ደረቱን ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ደግሞ ስም አውጥቼለት ነበር፦ «የጫት ልብ»። ክፍሉ በሙሉ ተቀበለኝ። ምርቃናው ሲለቀው ልቡም ይረጋጋል፤ ውሃ ይጠጣ፣ ይተኛ። አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነበርኩ።

አንድ ቀን ጀማል መጣ። የመጋላ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነው፤ የእናቴን ቀሚስ፣ የኔን ዩኒፎርም የሰፋ፣ ቀልዱ የማያልቅ ሰው። ጫቱ ገና ከጉንጩ አልወጣም።

«አቦ ሲስተር፣ ልቤ ስፌት እየዘለለ ነው» አለኝ። «የስፌት መኪናዬ ሲበላሽ እንደሚያደርገው፤ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ደግሞ ይሮጣል።»

«ወሪያ፣ መጀመሪያ ጉንጭህን አራግፍ!» አልኩት። ተሳሳቅን። ወረቀቱ ወጣ። ሁለት ጫፍ አየሁ፤ ሁለት ብቻ። ፈጣን ነው፣ የጫት ልብ ነው አልኩ። ሐኪሙም በኔ ቃል ሸኘው። ሰውዬው እየነገረኝ ነበር እኮ! ጆሮ አልነበረኝም?

ሳምንት ሳይሞላ ቤተሰቡ ተሸክሞ አመጣው። ከንፈሩ ተጣሟል፣ ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም። ኢሲጂውን እኔው አነሳሁት። ያን የናቅኩትን ቁራጭ ወረቀት አስጠጋሁ። ምልክቶቹ አልገጥም አሉ። ከየጫፉ በፊት መኖር ያለባት ትንሿ ጉብታም የለችም። የላይኛው የልቡ ክፍል በወጉ መምታቱን ትቶ ይርገበገባል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ልብ ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ከካርዱ የፊተኛውን ወረቀት አውጥቼ ለካሁ። እሱም ያው ነው። ላየው ብፈልግ ያኔውኑ ነበረ።

እስከዚህ ያለውን ስህተት በሉት። የቀረው ግን ስህተት አይደለም። ሚስቱ «ምን ሆኖብኝ ነው ሲስተር?» ስትለኝ፣ ሁሉም እየሰሙኝ፣ «ጫት ተው ብዬው ነበር» አልኳት። እኔ! መጀመሪያ በመጣ ቀን ይህ ቃል ከአፌ አልወጣም። ስሜ እንዳይነካብኝ ብዬ ዋሸሁ። ጀማልም ቃሉን እየጎተተ፣ «አፉ በይኝ ሲስተር... አልሰማሁሽም» አለኝ። ይቅር በይኝ ማለቱ ነው። ይቅርታውን ተቀብዬ ትራሱን አስተካከልኩለት።

ዛሬ ተማሪዎች አስተምራለሁ። ቁራጭ ወረቀት ሳያስጠጋ ምት የሚፈርድ ከኔ ክፍል ይወጣል፤ «የጫት ልብ» የሚልም እንደዚሁ። ጎበዞች ናቸው፣ እኮራባቸዋለሁ። በራሴም እኮራለሁ። ግን ይኸው ክሳለች እንዳትሉኝ፤ አልካስኩም። ጀማል የስፌት መኪናውን ሸጦ፣ የእሱ በነበረው ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ ይውላል። ሳልፍ ሲያየኝ ለጎረቤቶቹ «እሷ እኮ ነግራኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁ» ይላቸዋል። በኔ ይኮራል!

ይህን ጽፌ ስጨርስ መጋላ እሄዳለሁ፤ እነዚያው ጎረቤቶቹ ባሉበት። ሥራ በዝቶብኝ ነበር አልልም፣ ደክሞኝ ነበርም አልልም። ማንበብ የምችለውን አላነበብኩም፤ ካነበብኩት በኋላም ደበቅኩት። ጀማል፣ ያን ቀን ከአፍህ የወጣው ቃል ያንተ አልነበረም፣ የኔ ነው። አሁን መልስልኝ፣ እኔው ልበለው፦ አፉ በለኝ።