የውሻና የአጥር ጠበቃ

በመጋቢት መጀመሪያ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ፣ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ መስታወት ላይ የጋገረ በረዶ ትፍቅ ነበር። መኪናው የእሷ አይደለም። ባለቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ጣቶቻቸውን በትንፋሻቸው የሚያሞቁ ሽማግሌ ናቸው። በዚያው ጠዋት፣ ውሻቸው የጎረቤት ዶሮ ፈጅቶ ተከሰው፣ ተረትተው ወጥተዋል። የረታቻቸውም ይህችው በረዶ የምትፍቅላቸው ጠበቃ ናት። በደብሩ እሁድ እሁድ ለምእመናን የሚታደለውን ወረቀት የሚያዘጋጀው ሰው በአጋጣሚ ሲያልፍ አይቷት፣ እንዲህ ያለ ሰው ስላላሳጣን ፈጣሪን አመሰገነ።

ማርሊስ ቮርፓል ትባላለች። ደግነቷን በዚህ በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ገጠር የማያውቅ የለም፤ ድካሟን ግን ያየላት ጥቂት ነው።

ያደገችው ላም በሚታለብበት ቤት ነው። አባቷ እርሻውን ለማን እንደሚተው ሳይወስን በድንገት ሞተ። ልጆቹ መስማማት አቅቷቸው ላሞቹ በሐራጅ ተሸጡ። ማርሊስ በረት አጥሩ ላይ ተደግፋ፣ እያንዳንዷ ላም ወደ ሰው መኪና ስትገባ በስሟ ትጠራት ነበር ይላሉ። ሕግ የተማረችው ለዚህ ነው፤ ሌላ ቤት እንዲህ እንዳይፈርስ።

ቢሮ ስትከፍት ግን ሰው ይጠፋል ብላ ፈራች። ከእሁዱ ወረቀት ጀርባ፣ ከቀብር አስፈጻሚውና ከቧንቧ ሠራተኛው ማስታወቂያ መካከል፣ «ለማንኛውም ጉዳይ ደጄ ክፍት ነው» ብላ አወጣች። ሰዉ ቃሏን አመነ። የአጥር ጠብ፣ የውሻ ንክሻ፣ ጠጥቶ የነዳ፣ ሁሉም መጣ። በእኛ አገር ደግሞ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ነው። «እስቲ እናየዋለን» ይባላል፤ እንዲያ ያለ ሰው ጉዳዩን ተሸከመ ማለት ነው። ማርሊስ ስንት ዓመት ሙሉ «እስቲ እናየዋለን» ስትል ኖረች። ፀጉሯ ሸበተ፣ ትከሻዋ ጎበጠ፤ የእርሻ ውርስ ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

እኛ ካቶሊኮች በዐቢይ ጾም አርብ ማታ ሥጋ ትተን፣ ሁላችንም በደብሩ አዳራሽ ተሰብስበን ዓሣ እንበላለን። ማርሊስ ሳህኗን ይዛ ከመቀመጧ ጠብ የማያጣው ደንበኛዋ ኤልሮይ መጣባት።

«አንቺ ብዪ፣ ብዪ! እኔ እያወራሁ ትበያለሽ።»

«ዛሬ ደግሞ ማን በደለህ?»

«ያው ጎረቤቴ ነዋ! የደጁን በረዶ ጠርጎ ጠርጎ በእኔ የፖስታ ሣጥን ላይ ይከምረዋል። ፎቶ አንስቻለሁ።»

«ኤልሮይ፣ ሚያዝያ ሲገባ እኮ ማስረጃህ ይቀልጣል።»

«ታዲያ ቶሎ ክሰሺልኝ የምለው ለምን መሰለሽ!»

ጠረጴዛው በሙሉ በሳቅ ተንከተከተ። ማርሊስም ሳቀች፤ የጥርስ ሳቅ።

ከፊቷ የተቀመጡት አሮጊት አደላይን ሺዳ ነበሩ። ስለ ባላቸው ጤና ጠየቀቻቸው።

«ኖርበርትማ ልቡ እንደገና ጀምሮታል፤ ከቤት አይወጣም» አሉ። «ከፋሲካ በኋላ እርሻውን ለልጆቹ ሊያወርስ ነው። አውራ ጎዳናው ላይ ፎቶው የተሰቀለ ጠበቃ አለ አይደል? እሱ ጋ ሄደን እንፈርማለን። ለሦስቱም እኩል ይሁን ብሏል።»

ማርሊስ ሹካዋን አስቀመጠች። ከሦስቱ ልጆች ላም የሚያልበው አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ ከተማ ናቸው፤ ድርሻችንን ያሉ ቀን ልጁ ከየት አምጥቶ ይሰጣቸዋል? ላሞቹ ለሐራጅ ይወጣሉ።

«ወዳንቺ እንዳንመጣ» ቀጠሉ አደላይን፣ ክፋት በሌለው አንደበት፣ «አንቺ ልጄ የውሻና የአጥር ጠበቃ ነሽ። ደግሞስ መቼ ጊዜ ኖሮሽ!»

ማርሊስ አፏን ልትከፍት ስትል ኤልሮይ ፎቶዎቹን ሳህኗ አጠገብ ዘረጋ። አደላይንም ለባላቸው የያዙት ዓሣ ሳይቀዘቅዝ ብለው ተነሡ።

ሰኞ ኤልሮይ ቢሮዋ መጣ። ማርሊስ ቁጭ በል አላለችውም።

«ኤልሮይ፣ ይህን ጉዳይ አልይዝልህም።»

ኤልሮይ ኮፍያውን አወለቀ። «አመመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ከባንኩ ማዶ አንድ ወጣት ጠበቃ ቢሮ ከፍቷል። እሱ በደስታ ይይዝልሃል።»

በሩን ዘግቶ ሄደ፤ ወሬውም አገሩን አዳረሰ። በማግሥቱ ማንም አልመጣም። ከማግሥቱም በኋላ እንዲሁ። ስልኩ ዝም አለ፤ እሷም የዝምታውን ርዝመት ፈራችው።

ሐሙስ ዕለት የእሁዱ ወረቀት ወደሚዘጋጅበት የደብሩ ምድር ቤት ወረደች። ወረቀቱን የሚያዘጋጀው ሰው፣ ይህን ታሪክም የጻፈው እሱ ነው፣ ወንበር ሳበላት።

«‹ለማንኛውም ጉዳይ› የሚለውን አውጣልኝ» አለችው። «በቦታው ‹የወላጅን እርሻ ለልጅ ማስተላለፍ፤ ሌላ ጉዳይ አልይዝም› በልልኝ።»

«ሌላ አልይዝም? ሰው አይቀየምሽም?»

«ይቀየማል እንጂ።» ዓይኖቿን ጨፈነች። «ደክሞኛል። ለውሻ ደክሜ ከምሞት ለላም ደክሜ ልሙት።»

«ቢሮውስ?»

«እስከ በጋ ገበሬ ካልመጣ እዘጋዋለሁ። እግዚአብሔር ያውቃል።»

ሰውየው እርሳሱን አስቀመጠ። «እሁድ ለኖርበርት ቁርባን የማደርሰው እኔ ነኝ። ወዳንቺ እንዲመጣ ልንገረው?»

«እንዳትለው!» ብድግ አለች። «ጠበቃ ሰው ልኮ ጉዳይ አይለምንም። ሕጉም አይፈቅድልኝ፣ እኔም አልወደው። ወረቀቱን ግን ለታመመ ሁሉ እንደምታደርሰው አድርስለት። አንብቦ ከመጣ መጣ፤ ካልመጣም ፈቃዱ ነው።»

ካፖርቷን ለብሳ ደረጃውን ከጀመረች በኋላ ቆመች፤ ዘወር ሳትልም፦

«አንድ ነገር ልለምንህ» አለች። «ኖርበርት መነጽሩ እንደጠፋበት ነው የሚኖረው። ፊደሉን ተለቅ አድርግልኝ።»