በአገሬ የመኖሪያ ፈቃድ

ባለቤቴ ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣ ዓረብ ነበር። በሰባት ዓመቱ አጎቱን ተከትሎ አዲስ አበባ ገባ፤ መርካቶ ውስጥ አቡጀዲ እየለካ አደገ። እኔን ሲያገባኝ ዓረብኛውን ለጸሎት፣ አማርኛውን ለቀረው ነገር ሁሉ ነበር የሚጠቀምበት። ስለ ተወለደበት መንደር ብጠይቀው ከአንድ የውሃ ጉድጓድና ከእናቱ ድምፅ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረውም። ያም ሆኖ በሕግ የውጭ አገር ሰው ነውና በየዓመቱ የመኖሪያ ፈቃዱን ማሳደስ ነበረበት። እሱ ካልታደሰ የጨርቅ ሱቃችንም ፈቃድ አይታደስም።

ይህን ጣጣ ሁልጊዜ የሚጨርሰው ራሱ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ወገቡን ይዞት ስለ ተኛ እኔ ሄድኩለት። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ማንበብና መጻፍ አያስቸግረኝም። ደግሞስ ምን ከባድ ነገር አለው? ወረቀት ሰጥቶ ማኅተም ማስመታት ነው። ለምሳ እደርሳለሁ ብዬ ነው የወጣሁት።

በመኖሪያ ፈቃድ ቢሮው ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ጸሐፊ ክራቫቱን ጠበቅ አድርጎ ያሰረ ወጣት ነበር። ዶሴውን ቅጠል በቅጠል ገለበጠና ቀና ሳይል፣

«ያንቺስ?» አለኝ።

«የኔ ምን?»

«የመኖሪያ ፈቃድሽ። እዚህ ላይ ሚስቱ ተብለሽ ተመዝግበሻል። ፈቃድ ግን አውጥተሽ አታውቂም።»

የተሳሳተ መስሎኝ ሳቅሁ። «ጌታዬ፣ እኔ እኮ ኢትዮጵያዊት ነኝ። ጎጃም ነው የተወለድኩት።»

«ከማግባትሽ በፊት ነበርሽ» አለ፤ ድምፁ ላይ ክፋት የለም፣ የሰለቸው ይመስላል እንጂ። «የውጭ አገር ሰው ያገባች ሴት የባሏን ዜግነት ካገኘች የራሷን ታጣለች። ሕጉ ነው።»

«አላገኘሁማ!»

«እንግዲያው አለማግኘትሽን የሚያስረዳ ደብዳቤ ከባልሽ ቆንስላ አምጪ። እስከዚያ የእሱም አይታደስም። ዶሴው አንድ ነው።»

ከኋላዬ የቆመው ሰው ወረቀቱን በትከሻዬ ላይ አሳልፎ ሰጠው። የኔ ነገር በዚሁ አለቀ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና «በኔ ምክንያት» አለ። አይደለም አልኩት። ግን በማን ምክንያት እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ቆንስላው ዘንድ ሄድኩ። የተቀበለኝ ሽበታም ሰው አማርኛ አሳምሮ ይችላል፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ፣ ጉዳዬን እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ሲያበቃ ሁለት እጆቹን ዘረጋ።

«ልጄ፣ እኛ የምንጽፈው ለዜጎቻችን ነው። አንቺ ዜጋችን አይደለሽም።»

«እኮ!» አልኩ ከወንበሬ ብድግ ብዬ። «ይህንኑ በወረቀት ላይ ያስፍሩልኝ!»

«ዜጋችን ላልሆነች ሴት እንዴት አድርገን እንጽፋለን?»

የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ዓይኑን አየሁት። አላሾፈም። ሻዩን ትቼ ወጣሁ።

ከሱቃችን ከፍ ብሎ፣ መንገድ ዳር ጥላ ዘርግቶ የጽሕፈት መኪናውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሚውል ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ፍርድ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው። ጉዳዬን ነገርኩት። አገጩን እያሻሸ ካሰበ በኋላ፣ «የሥጋ ዘመድ ይዘሽ ሂጂና ትውልድሽን ያስረዳልሽ» አለኝ።

የሥጋ ዘመድ። እዚህ ከተማ ያለኝ አንድ ወንድም ብቻ ነበር፤ ጎጃም በረንዳ ቅቤና ማር የሚሸጥ፣ የእናቴና የአባቴ የበኩር ልጅ። እስላም፣ ያውም ዓረብ አገባች ብሎ ከተለየኝ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። በመካከላችን የአሥር ደቂቃ መንገድ እንኳ አልነበረም። መንገድ ላይ ስንተያይ እሱ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ እንታጠፋለን። ሦስቱን ልጆቼን አያውቃቸውም።

ሦስት ቀን ካመነታሁ በኋላ ሄድኩ። ከቅቤው እንስራዎች መካከል ተቀምጦ አገኘሁት። ሸምግሏል።

«ወንድም ጋሼ» አልኩ።

አልተነሳም። «ሰው ሞተ?» አለኝ።

«አልሞተም። መንግሥት ኢትዮጵያዊት አይደለሽም አለኝ። እህቴ ናት ብለው ይመስክሩልኝ ብዬ ነው።»

አንዲት ደንበኛ መጥታ ቅቤ ስትጠይቀው መዝኖ ሰጣት። በመጨረሻ እጁን በጨርቅ ጠረገና «ነገ ጠዋት እዚሁ ሱቄ ደጃፍ እጠብቅሻለሁ» አለ።

በማግስቱ የክት ልብሱን ለብሶ፣ ካባውን ደርቦ ጠበቀኝ። ያንን ሁሉ መንገድ ሁለት እርምጃ ቀድሞኝ ሄደ። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ጮክ ብሎ ተናገረ፦

«እህቴ ናት። እናታችን አንድ፣ አባታችን አንድ። እትብቷ የተቀበረበትን ጓሮ አሳይሃለሁ።»

ጸሐፊው ፊቱ አልተለወጠም። «አባቴ፣ መወለዷን ማን ካደ? የምንጠይቀው ካገባች በኋላ ምን እንደሆነች ነው።»

«ካገባች በኋላ ምን ትሆናለች? ያው እሷ ናት!»

«ወረቀት ያስፈልጋል።»

«ወረቀት ወለዳት?»

ዘበኛው መጥቶ ክንዱን ያዘው። ወንድሜ በሕይወቱ ክንዱን የያዘው ሰው የለም፤ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ፤ ጎትቼ አስወጣሁት። ከግቢው ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ቆመ።

«ስታገቢ ከእንግዲህ የኛ አይደለሽም ብዬሽ ነበር» አለ ወደ አስፋልቱ እያየ። «ያም ልጅ ያልኩትንኑ ነው ያለው።»

ተቆጥቼ ነበር፤ በጸሐፊውም በእሱም። ባርኔጣውን እንደያዘ ሱቃችን ድረስ ሸኘኝ፤ ደጃፉ ላይ ባለቤቴን ሰላም አለው። ሁለቱም ስለ ወገብ ሕመም ተነጋገሩ።

ወራቱ እንዲሁ አለፉ። የሱቁ ፈቃድ ጊዜው ስላለፈ ሱቁን በግማሽ በር ነበር የምንከፍተው፤ ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል እንዘጋለን፣ ሄደ ሲባል እንከፍታለን። ቢሮው ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ነው፤ በሌላው ቀን ዶሴው ፎቅ ወጥቷል፤ በሌላው ቀን ከፎቅ ወርዷል ግን የት እንደተቀመጠ አይታወቅም። ነገ ነይ፣ ከሰዓት ነይ፣ ሰኞ ነይ። ተላላኪዎቹ ሳይቀሩ «ዓረቧ መጣች» ይሉኝ ጀመር። ቅዳሴ እየሰማሁ ያደግኩትን፣ አባይን በግመል ሳይሆን በእግሬ ተሻግሬ የመጣሁትን።

አንድ ቀን ሽማግሌው ማመልከቻ ጸሐፊ ጠራኝ። «ሌሊት ሳስበው አደርኩ» አለ። «ቆንስላዎቹን ዜጋችን አይደለችም ብለው እንዲጽፉ ስትለምኛቸው እምቢ አሉ። እንግዲያው ዜጋችሁ ነኝ፣ ፓስፖርት ስጡኝ ብለሽ አመልክቺ። ሲከለክሉሽ መከልከላቸውን በጽሑፍ ማድረግ ግዴታቸው ነው።»

ባለቤቴ ሲሰማ ደነገጠ። «ቢሰጡሽስ?»

እሱን አላሰብኩትም ነበር። ቢሰጡኝ ሁሉም አበቃ ማለት ነው። ግን ሌላ መንገድ አልነበረንም። ሽማግሌው ጻፈው፣ እኔ ፈረምኩ፤ የማልፈልገውን ነገር እንዲሰጡኝ አጥብቄ ለመንኩ። ሦስት ወር ጠበቅሁ።

መልሱ መጣ። ጋብቻችን በቆንስላው መዝገብ ስላልገባ ጥያቄዬን መቀበል አልቻሉም። ባለቤቴ አንብቦ ሲተረጉምልኝ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ አለቀስኩ። እዚያው ወረቀቱን ይዤ ሮጥኩ።

«በዓረብኛ ነው» አለ ጸሐፊው። «አስተርጉመሽ፣ አስመትተሽ አምጪ።»

አስተረጎምኩ፣ አስመታሁ፣ ቴምብር ለጠፍኩ። በመጨረሻ አንድ ኃላፊ ስሜ ላይ በቀይ ቀለም መስመር አሰመረና ዳር ላይ «ኢትዮጵያዊት» ብሎ ጻፈ። የባለቤቴም ፈቃድ ታደሰ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ድካም ብቻ ተሰማኝ። ለአንድ ቃል ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነበር የቀረው።

ዶሴውን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ጸሐፊው ያዝ አደረገው።

«ልጆቹስ?»

«የምን ልጆች?»

«ሦስት ልጆች አሉ። ልጅ የአባቱ ነው። አንቺ ኢትዮጵያዊት ከሆንሽ እነሱ ለብቻቸው ፈቃድ ያወጣሉ።»

«ቆንስላው ጋብቻችንን አላውቅም ብሎ ጽፏል፤ ራስህ አንብበኸዋል! ጋብቻውን የማያውቅ ልጆቹን እንዴት ያውቃል?»

«እሱን የሚያስረዳ ደብዳቤ ከቆንስላው አምጪ።»

ከዚያ ወዲያ የተናገርኩትን በደንብ አላስታውሰውም። ጮኼ ነበር። ዘበኛው መጣ፣ ውሃ አመጡልኝ። ወደ ቆንስላው ግን አልተመለስኩም፤ አቅሙ አልነበረኝም። የልጆቹን ፈቃድ አወጣሁ፤ ከዚያ በኋላም አድገው ራሳቸው መሄድ እስኪጀምሩ ድረስ በየዓመቱ አሳድሼላቸዋለሁ።

የመጀመሪያውን ቅጽ ስንሞላ ጸሐፊው ከታላቋ ልጄ ጀመረ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ከመርካቶ ርቃ ሄዳ አታውቅም።

«ወደ ኢትዮጵያ የገባችበት ቀን?»

የተወለደችበትን ቀን ነገርኩት። ጻፈው።

«በየት በኩል ገባች?»

አየሁት። ብዕሩን ይዞ መልሴን እየጠበቀ ነው።

«በኔ በኩል» አልኩት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ትንሽ አሰበና ክፍት ቦታው ላይ «አዲስ አበባ» ብሎ ጻፈበት፤ ማኅተሙንም መታ።