ኖራ የተቀባ ግንብ

ያን ግንብ ኖራ የቀቡት ሰዎች እስከ ዛሬ ያናድዱኛል። ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ግን ኖራው ሲበጠበጥ አጠገባቸው ዝም ብሎ የቆመው ሰው ነው። እሱም እኔ ነኝ።

ከአሰላ ወደ ዴራ ሲወረድ፣ ቆላው መታየት ሲጀምር፣ አናቱ በፈረሰ የድንጋይ ግንብ የተከበበ ኮረብታ አለ። አንድ ፈረንጅ የጥንት ነገር ተመራማሪ፣ ዶክተር፣ እዚያ ሊቆፍር መጣ፤ ፈረንሳይኛ ስለምችል ከመሥሪያ ቤቴ ተመርጬ አስተርጓሚውና ጸሐፊው ሆንኩ። የአገሩ ሰው ወርቅ ፍለጋ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ወርቁ ሲታጣ ደግሞ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» እያለ ይስቅብን ጀመር። ያገኘነው ዶቃ፣ የባሕር ዛጎልና የተሰባበረ ሸክላ ነበር። ዶክተሩ ግን በደስታ እንቅልፍ አጣ፤ ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍበት፣ ባለ እጅ የሚሠራበት ከተማ ነበር አለ።

ዶማችንን የሚስሉልን አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ነበሩ። ጠጉራቸው ሸብቷል፤ ሆኖም ቀጥቃጭ ናቸውና ሰው ሁሉ «አንተ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደ ሰው ሁሉ። ምሳ ሲበላ ከከለልንበት ገመድ ውጭ ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ሂድ ያላቸው የለም፤ ና ያላቸውም የለም።

አንድ ቀን ከግንቡ በስተውስጥ፣ በሩ አጠገብ፣ ክብ ጉድጓድ ወጣ። አፈሩ ከስሏል፤ ጎኑ ላይ የሸክላ ቧንቧ እንደተሰካ ነው። ዶክተሩ ምንነቱን ሲያሰላስል ሽማግሌው ገመዱን ተሻግረው ገቡና ተንበርክከው ጣታቸውን በቧንቧው አፍ ከተቱ።

«ወናፉ እዚህ ጋ ነው የሚገባው» አሉ። «ወላሂ፣ ይኼ ብረት ማቅለጫ ነው። የኛ ሥራ ነው።» ከዚያ ቀና ብለው ግንቡን ዙሪያውን አዩት። «ውስጥ ነበርን እንዴ?»

በአገራችን የቀጥቃጭ ቤት ከመንደር ዳር ነው፣ ሁልጊዜም ዳር ነበር ይባላል። ዶክተሩ ፎቶ ከተነሳና ከተጻፈ ማንም አይክደውም አለ፤ ተረጎምኩላቸው።

«እውነት ይጻፋል፣ ልጄ?»

«ይጻፋል» አልኩ።

ፊልሙ ግን አልቆ ነበር። ዶክተሩ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ጉድጓዱን ማንም እንዳይነካው ብሎ አደራውን ለእኔ ሰጠኝ።

በማግስቱ አለቃዬ ከአሰላ መጡ። እሁድ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው ሊጎበኙ ነውና ቦታው ይሰናዳ አሉ። «ይኼ ጥላሸት ምንድን ነው፣ ያውም በር ላይ!» «ጌታዬ፣ ዶክተሩ እንዳይነካ ብሏል» አልኩ፣ አንዴ ብቻ። ቀና ብለው አዩኝ። ሠራተኞቹ፣ በሌላ ቀን ድንጋይ አንሱ ሲባሉ ወገባቸውን የሚያማቸው፣ ያን ዕለት ሞተር ሆኑ። ጥቁሩን አፈር ከነቧንቧው ገደል ከተቱት፤ ጉድጓዱን በጠጠር ደለደሉት፤ የፈረሰውን ግንብ በጭቃ ካቡት። ከዚያ ኖራ! ሰው ስንት ዘመን የረሳው ግንብ ለአንድ እሁድ ሲባል ነጭ ሆነ።

ትልቁ ሰው አልመጡም። ዴራ ላይ ጎማቸው ፈንድቶ፣ ጎሚስታ ሲፈለግ መሽቶ፣ ተመለሱ።

ዶክተሩ ነጩን ግንብ ገና ከመንገድ አየው። የተናገረውን አልተረጎምኩም፤ ሁሉም ገብቷቸዋል። እኔ ሠራተኞቹ ላይ ጮህኩባቸው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሽማግሌው ግን ማንንም ሳይናገሩ ገደሉን ወርደው ስብርባሪውን ቧንቧና ጥቁሩን የብረት ዝቃጭ በጆንያ ተሸክመው አመጡ። ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። ከቦታው የተነሳ ነገር ማስረጃ አይሆንም፣ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል አለ። በዓይኑ አይቶት፣ በእጁ ነክቶት! ይህን መተርጎም የእኔ ሥራ ነበር።

«ይጽፈዋል» ብዬ ተረጎምኩ።

ለመሥሪያ ቤታችን የተሰጠውን ዘገባ በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። «በሩ አጠገብ የተቃጠለ ስፍራ ታይቷል፤ ምናልባት ወጥ ቤት» ይላል። አንዲት ቃል ጨምሬ ልመታ እችል ነበር። ጣቴ ፈራ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽማግሌው አሰላ ገበያ ላይ አገኙኝ። «ተጻፈ?» አሉኝ።

«ተጽፏል።»

ፊታቸው በራ። «እንግዲያ አንድ ቀን አውሰኝ። ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ላስነብባቸው። ስነግራቸው ይስቁብኛል።»

ወረቀቱ አዲስ አበባ ነው አልኳቸው። ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን፣ እኔ እስክዛወር ድረስ፣ ማረሻቸውንና ቢላቸውን መሬት ላይ ዘርግተው «መጣ?» ይሉኝ ነበር። እኔም «ገና ነው» እላለሁ። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ።