ከሁላችን የተሻላቸው ሰው

ይህን ሳወራ አሁንም ያንገበግበኛል። ጭንቀት ይዞኝ ሮቤ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሁለት ወር ተመላለስኩ። ሕክምናው በቡድን ነው፤ ክብ ሠርተን እንቀመጥና የፈለገ ችግሩን ይናገራል። ሐጂ አማን የሚባሉ ስመ ጥር የስንዴ ነጋዴ ሲገቡ ግን ሁላችንም ብድግ እንላለን። ባለመደገፊያዋ ወንበር የእሳቸው ናት። ዱዓ ያደርጉልናል፤ ከዚያ እስክንጨርስ ዝም ብለው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። አማካሪያችን ሲስተር ሰናይት እንኳ ካርድ ስትጠይቅ እሳቸውን ታልፋለች።

በመጨረሻው ቀን ሲስተር፣ «ከመካከላችሁ በጣም የተሻለው ማን ይመስላችኋል?» ብላ በየተራ ጠየቀችን።

«ሐጂ ናቸው» አለች አንዷ።

«ማሻአላህ፣ ፊታቸው ራሱ በርቷል» አለ ሌላው።

ፊታቸው መች ጠቁሮ ያውቃል? እኔ ያለ ሚስቴ ሚኒባስ መሳፈር የማልችል ሰው፣ የዚያን ቀን ከዲንሾ ብቻዬን ነው የመጣሁት። ተራዬ ሲደርስ ይህን ላፈርጠው ተነሳሁ። ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔም ሐጂን ነው የምለው» ብዬ ተቀመጥኩ። እንደዚያን ቀን በራሴ ተናድጄ አላውቅም።

«እስቲ ሐጂ፣ እንዴት እንደተሻለዎት ይንገሩን» አለች ሲስተር።

«ያ ረቢ፣ እኔ መች ታመምኩ?» አሉ ግራ ተጋብተው። «ወንድሜ ብቻውን መምጣት ስለሚፈራ ነው አብሬው የምመጣው።»

በመቁጠሪያቸው ወደ በሩ ጠቆሙ። እዚያ፣ የሐጂ አጃቢ መስሎን ሁለት ወር ሙሉ አንዳችንም «አንተስ?» ያላልነው ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።