ካሮት በሁለት መቶ ሃያ ዲግሪ

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ እንጨት አድርቄአለሁ። ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ሥራ ነው የሚል ስለማይጠፋ ልናገር። እርጥብ ሳንቃ ይመጣልኛል፤ ቤት የሚያህል የብረት ክፍል ውስጥ እደረድረዋለሁ፤ ሙቀቱን እከፍታለሁ፤ ከዚያ እጠብቃለሁ። ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም አምስት ሳምንት እጠብቃለሁ። የቸኮለ ሰው እንጨቱን ያሰነጥቀዋል፣ ያጣምመዋል፤ ቁም ሣጥኑን የገዛው ደንበኛም ዕድሜ ልኩን ይረግመዋል። ስለዚህ ሥራዬ ባጭሩ አለመቸኮል ነበር። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ ቀስ በል» ይለኝ ነበር፤ እውነተኛ ስሜንማ ከመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

ይህን የማወራው ለመኩራት አይደለም። እሺ፣ ለመኩራትም ነው። ግን ዋናው ነገር በኋላ የሚመጣው ውርደቴ ከየት እንደመጣ እንድታውቁልኝ ነው።

ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። እሷ በሕይወት ሳለች ወጥ ቤት የምገባው ውሃ ለመጠጣትና «አልደረሰም?» ለማለት ብቻ ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ በዳቦና በሻይ ኖርኩ። እንግዳ ሲመጣ እንቁላል እቀቅላለሁ። ቀበቶዬ ቀዳዳ ሲያልቅበት በወስፌ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት፤ ርቀታቸው እኩል ስለሆነልኝም በእጅ ሥራዬ ተደሰትኩ። ቀዳዳው ለምን እንዳስፈለገኝ ግን አላሰብኩም።

ያሰበችው ልጄ ናት። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ከባሏ ከተለያየች ወዲህ ከከተማው ማዶ ሁለት ክፍል ቤት ይዛ ትኖራለች። አንድ እሑድ መጣችና ፍሪጄን ከፈተች። ውስጡ አንድ ጠርሙስ ውሃ፣ ግማሽ ሎሚና ሁለት የባትሪ ድንጋይ ነበር፤ የባትሪ ድንጋይ ብርድ ውስጥ ሲቀመጥ ዕድሜው ይረዝማል ብሎኝ ነበር አንድ ሰው። ፍሪጁን ዘጋችና ወገቤን አየችው።

«አባዬ፣ አትክልት ከበላህ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ሎሚው አለ አይደል እንዴ?»

«አትቀልድብኝ። በቃ፣ ዕቃህን ሰብስብና እኔ ጋ ና።»

ክው አልኩ። እዚህ ቤት ያለውን በር፣ መስኮት፣ መደርደሪያ ሁሉ ራሴ ካደረቅሁት እንጨት ነው የሠራሁት፤ በሃያ ስድስት ዓመት አንዱም አልተሰነጠቀም። ከዚህ ወጥቼ በሰው ቤት፣ የልጄም ቢሆን፣ ጥግ ላይ እንደ ተረሳ ሻንጣ ልቀመጥ? ቴሌቪዥን ልክፈት ወይ ብዬ ላስፈቅድ? «ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው» አልኳት። ለሣጥኑ የሚሆነውን ሳንቃ አድርቄ አልጋ ሥር እንዳስቀመጥኩት ግን አልነገርኳትም።

ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ከአፌ አፈትልኮ «ምግብ መሥራት ብማርስ?» የሚል ነገር ወጣ። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ፊቴን አይታ ሳቋን ዋጠችው።

«እሺ፤ አንድ ወር ሰጥቼሃለሁ። የዛሬ ወር ቅዳሜ ለምሳ እመጣለሁ። አትክልት ነው የምትሠራልኝ፤ በገዛ እጅህ። ከበላሁት እዚሁ ትኖራለህ፣ ሁለተኛ አልነዘንዝህም። ካልበላሁት ሰኞ ጠቅልለህ ትመጣለህ።»

ተጨባበጥን። እሷ ስትወጣ እኔ በልቤ እየሳቅሁ ነበር። በድስት መሥራት ማማሰል ይጠይቃል፤ ማማሰል ደግሞ ጥበብ ነው፤ አልደፍረውም። ወጥ ቤቱ ውስጥ ግን ኦቨን አለ። ኦቨን ማለት ምንድን ነው? በር ያለው፣ ሙቀቱ በቁጥር የሚታወቅ የብረት ክፍል ነው። ይኼማ የኔ አገር ነው! ልጄ ተሸነፈች ብዬ ደመደምኩ።

በማግስቱ ኦቨኑን አበራሁና እስኪሞቅ ካሮት ልገዛ ወጣሁ። ለካ ባለቤቴ ነፍሷን ይማረውና ኦቨኑን እንደ ቁም ሣጥን ነበር የምትገለገልበት። ስመለስ የላስቲክ ክዳኖቿ ሁሉ ቀልጠው ከሽቦው ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ሁለት ቀን ሙሉ በመሮ ስፍቅ ዋልኩ። ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል? ፋብሪካ እያለሁ ውስጡን ገብቼ ሳልፈትሽ ማድረቂያውን አብርቼ አላውቅም፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ የተኛ ዘበኛ አውጥቻለሁ።

ለሁለተኛው ሙከራ በደንብ ተዘጋጀሁ። ካሮቱንና ድንቹን በማስመሪያ እየለካሁ እኩል እኩል ሳንቃ አድርጌ ቆረጥኩ። በፋብሪካው ደንብ በሳንቃና በሳንቃ መካከል አየር የሚያሳልፍ ቀጭን እንጨት ይገባል፤ እኔም በካሮትና በካሮት መካከል የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት አስገብቼ አምስት ፎቅ ደረደርኩ። ሳንቃ ከጫፉ እንዳይሰነጠቅ ሰም ይቀባል፤ ሰም ስላልነበረኝ ቅቤ ቀባሁ። እንፋሎት እንዲኖር ከሥር አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ አስቀመጥኩ። ሙቀቱን በስድሳ ዲግሪ ጀምሬ በየሰዓቱ አምስት አምስት እየጨመርኩ፣ አንዷን ካሮት ናሙና ብዬ እያወጣሁ እየመዘንኩ፣ ደብተር ላይ እየጻፍኩ ሰባት ሰዓት ጠበቅሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እያልኩ።

ሲወጣ ልቤ ቅቤ ጠጣ። አንድም ስንጥቅ የለ! አንድም የተጣመመ የለ!

በዚህ መሀል አጠገቤ ያለችው ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ በሩን አንኳኳች። ወገቡን እንድታጠብብልኝ የሰጠኋትን ሱሪ ይዛ ነበር የመጣችው። በኩራት ወደ ጠረጴዛው መራኋት። አንዷን ካሮት አነሳችና ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገችበት። ቋ፣ ቋ አለ።

«ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ካሮት ነዋ። እዪው፣ ስንጥቅ የለውም።»

«እሱስ የለውም። የበላው ሰው ጥርስ ላይ ግን ይኖራል።»

እንዴት እንደሠራሁት ነገርኳት። በተለይ ስለ ቅቤውና ስለ ውሃው ስነግራት ሱሪዬን አፏ ላይ አድርጋ በሳቅ ፈነዳች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነው የተባለው፤ ካሮት እንጨት ይሆናል አልተባለም እኮ ጋሼ!»

ኩም አልኩ። ከዚያ የልጄንና የኔን ውል አጫወትኳትና፣ አሁንም ስጽፈው አፍራለሁ፣ «አንቺ ብትሠሪውና እኔ ትሪውን ከኦቨን ባወጣውስ? በእጄ ወጣ ማለት ነው» አልኳት።

«ልጅዎን አታለው ሊበሉ?» አለችና ሱሪውን ወንበር ላይ ጣለችው። «በሉ ይልቅ እጅዎን ይታጠቡ፤ ላሳይዎት።»

ያሳየችኝ ነገር ሠላሳ አራት ዓመት የተማርኩትን አንድ በአንድ የሚገለብጥ ነበር። ከቤቷ ያመጣችልኝን አትክልት ካጠብኩ በኋላ በጨርቅ አድርቄ ጠብታ ውሃ እንዳላስቀር አለችኝ። ይኼ ብቻ ደስ አሰኘኝ። ዱባው፣ ካሮቱና ድንቹ ጠንካራ ስለሆኑ ቀድመው ይገባሉ፤ ሽንኩርቱና አበባ ጎመኑ በኋላ። ዘይቱን፣ ጨዉን፣ ቁንዶ በርበሬውን በእጅ እያሹ እያንዳንዱን ማዳረስ ነው። የጥብስ ቅጠሉ ከነእንጨቱ ጣል ይደረጋል። የተቀጠቀጠው ነጭ ሽንኩርት እንዳያርና እንዳይመር መጨረሻ አካባቢ ይገባል። ትሪው ላይ ፎቅ የለም፤ ሁሉም ጎን ለጎን፣ ሳይነባበር።

«አሁን ሁለት መቶ ሃያ ያድርጉት» አለችኝ።

«ስንት?»

«ሁለት መቶ ሃያ።»

ማዞሪያውን ያዝኩ። እጄ መቶ ሃያ ላይ ደርሶ ቆመ። እውነቴን ነው፤ አልሄድ አለኝ። ፋብሪካ ውስጥ ሁለት መቶ ሃያ ያለ ሰው ወይ ሰክሯል ወይ ፋብሪካውን ሊያቃጥል ነው። «ይሰነጠቃል እኮ!» አልኳት።

«ይሰንጠቅ!» ብላ ጮኸችብኝ። «እንጨት አይደለም ጋሼ፣ ምሳ ነው!»

ዓይኔን ጨፍኜ አዞርኩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስንከፍተው የዱባው ጠርዝ ቡናማ ሆኗል፤ ካሮቱ ተጨማዶና ተሰነጣጥቆ፣ በፋብሪካው ደንብ ወዲያው የሚጣል ነው። ሽታው ግን ምራቄን አስዋጠኝ። እዚያው ቆሜ ከትሪው ላይ በጣቴ እያነሳሁ ምላሴን እያቃጠለኝ በላሁ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ጠግቤ ስበላ የመጀመሪያዬ ነበር። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር ለልብስ ሰፊዋ ሽንኩርቱ ነው አልኳት፤ እሷም አምና ወይም ያመነች መስላ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ? በየቀኑ ጠበስኩ። ቀይ ሥር ያሳረርኩበት ቀን አለ፤ ጨው ሁለት ጊዜ የጨመርኩበት፣ ጨርሶ የረሳሁበትም አለ። ሁሉንም ደቂቃና ዲግሪ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያስጠበብኩት ሱሪ ጠበበኝ፤ ልብስ ሰፊዋ መልሳ አሰፋችልኝና «እኔ ነኝ ያተረፍኩት» አለችኝ።

ቅዳሜ ልጄ ስትመጣ ሸሚዜን ተኩሼ ጠበቅኋት። ኮቷን ሳታወልቅ ኦቨኑ ፊት ቆማ በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየች። ትሪውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ገና ይንጫጫል። አንድ ሳህን አቀረብኩላት፤ ጨረሰችው። ጨመርኩላት፤ ጨረሰችው። ሦስተኛውን ራሷ አነሳች። እኔ በየጉርሻዋ አብሬ እየዋጥኩ ነበር። በመጨረሻ ሳህኑን በዳቦ ጠረገችው።

«አባዬ» አለች።

«አቤት!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«ወድቀሃል።»

«ምን አልሽ?»

«ጨው በዝቶታል። ካሮቱም ጥሬ ነው። ሰኞ ትመጣለህ።» ይህን ስትል ቀና ብላ አላየችኝም። ዓይኗ ሳህኑ ላይ ነው፤ ሳህኑ ላይ ደግሞ ከአንዲት የጥብስ ቅጠል እንጨት በቀር የቀረ ነገር የለም።

ቁጡ ነኝ፤ ለእንጨት ብቻ ነው ትዕግሥቴ። ብድግ ብዬ ጮህኩ። «የታለ ጥሬው? ሆድሽ ውስጥ ነው? ሦስቴ በልተሽ፣ ሳህኑን በዳቦ ጠርገሽ፣ ጥሬ ነው? እንዲህ ያለ ዳኛ የት አገር አለ?» ደብተሬንም አምጥቼ ገጹን በጣቴ እየመታሁ «ይኸው! ሁለት መቶ ሃያ ዲግሪ! ሠላሳ አምስት ደቂቃ!» አልኳት።

ደብተሩን አላየችውም። «አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ይጣፍጣል። በጣም ይጣፍጣል አባዬ። እኔ እኮ አትችልም ብዬ ነበር የተማመንኩት።»

«እና?»

«እና ከሥራ ስገባ ቤቱ ጨለማ ነው። መብራቱን ሁልጊዜ የማበራው እኔ ነኝ። እዚያው ቆሜ ዳቦ በልቼ እተኛለሁ። ላንተ አዝኜ ነው የመሰለህ? ሰው ፈልጌ ነው።»

ደብተሩን ዘጋሁት። አንጀቴን በላችው። የእጅ ሰዓቷ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ወርዶ ሲንሸራተት ያየሁት ገና ያን ጊዜ ነው፤ ያን ያህል ከስታለች። ወር ሙሉ ቤቴን ከልጄ ለማዳን ስታገል ከረምኩ፤ እሷ ለካ እየለመነችኝ ነበር። እንደኔ ያለ ጅል አባት አይስጣችሁ።

ትሪው ጥግ ላይ አንዲት ካሮት ተርፋ ነበር። አንስቼ ጎረስኳት። ጠርዟ ቡናማ፣ ውስጧ ልስልስ ያለ፣ ጨዉም ልክክ ያለላት፤ በዕድሜዬ ከሠራሁት ነገር ሁሉ የምትበልጥ ካሮት ነበረች። አላምጬ ዋጥኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ልክ ነሽ፣ ጥሬ ነው» አልኳት። «ሰኞ እመጣለሁ።»