በወንድሜ ሰዓት የሚጮኸው ቀፎ

የሞባይል ቀፎውን ያመጣልን ሰውዬ ቤታችን አልገባም አለ። ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ እዚያ ከወንድሜ ጋር ጎን ለጎን ሱቅ ነበራቸው። እናቴ «ኧረ ግባ፣ እህል ቅመስ» ብትለው በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን እያየ «እቸኩላለሁ እማማ» ይላል። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝና «ወንድምሽ ነው የላከልሽ፣ ለመንገዷ ይሁናት ብሎ» አለኝ። ሲናገር አንድ ጊዜም ዓይኔን አላየም። እናቴ እስከ ውጭ በር ልትሸኘው ወጣችና እዚያው ቆየች። ስትመለስ ፊቷ በውሃ ርሷል። «ሽሮው ሊያርብኝ ነው» ብላ እየተጣደፈች ማድ ቤት ገባች። ትንሽ ቆይቼ ብከተላት ምድጃው ቀዝቃዛ ነው፤ የተጣደ ሽሮ የለም። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ራሴን አዞረኝ። ጾሙ ነው» አለችኝ።

ፍልሰታ ገብቶ ነበር። እኔ ደግሞ ጾሙ ሳይፈታ ወደ ኖርዌይ ልሄድ ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪ። በምዝገባው ቀን እዚያ ካልተገኘሁ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይህን እናቴ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ገበያ ውስጥ ቅመምና ቡላ እየሸጠች ነው ያሳደገችን፤ የጉዞ ወረቀቴን ከዳዊቷ ጋር አንድ ላይ አስቀምጣ በየቀኑ መኖሩን ታያለች። ከእሷ ሌላ ያለኝ ሰው ያ ወንድሜ ብቻ ነው።

ወንድሜ እሁድ እሁድ በጎረቤታችን በጋሼ ስልክ ይደውልልናል። ጋሼ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ከአጥሩ ወዲያ ሆነው «ደቡብ አፍሪካ!» ብለው ሲጣሩ እናቴ አንድ እግር ጫማዋን ጥላ ትሮጣለች። ለመጨረሻ ጊዜ ስንነጋገር «አንቺ ጉረኛ፣ ድምፄን ሳትሰሚ አውሮፕላን ላይ ብትወጪ ተጣልተናል» አለኝ። እኔም «ሳልሰማህ ከሀዋሳ ንቅንቅ አልልም» አልኩት። እኔ ደግሞ ካልኩ አልኩ ነኝ፤ ግትርነቴን የወለደችኝ እናት ጠንቅቃ ታውቃለች።

ፌስታሉን ብፈታው ያገለገለ ቀፎ ነው። ወንድሜ የሚልከው ነገር ሁሉ ካርቶኑ ያልተከፈተ ነው፤ የዚህ ግን ጠርዙ ተሸርፏል፣ የአምስት ቁጥሩ ቁልፍ ከመነካት ብዛት ጽሑፉ ጠፍቷል።

«እንዴ! ጉድ እኮ ነው! ሰውዬው አዲሱን ቀይሮብኛል!» ብዬ ጮህኩ።

እናቴ ከእጄ መነጨቀችው። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ አገላበጠችው፣ ያቺን የተፋቀች ቁልፍ በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻት። «ከእጁ የወጣ ነው። ዝም በይ» አለችኝ። እንደዚያ ባለ ድምፅ ተናግራኝ አታውቅም።

ያን ጊዜ፣ በኢሕአዴግ ዘመን፣ ሲም ካርድ ማግኘት የኮንዶሚኒየም ዕጣ እንደ መጠበቅ ነበር። እኔ ወረፋ ይዤ አግኝቻለሁ፤ የጎደለኝ ቀፎ ነው። ካርዴን ከትቼ ስከፍተው ካርዱ የዚህ ስልክ አይደለም የሚል እንግሊዝኛ ጻፈብኝና ቀጥ አለ። ሎክ ነው። የዚያ አገር የስልክ ኩባንያ ከራሱ ካርድ በቀር ሌላ እንዳይቀበል ቆልፎታል። ካላስከፈትኩት ሀዋሳም አይሠራ፣ ኖርዌይም አይሠራ።

እዚሁ ሀዋሳ ፒያሳ ሄጄ ለአንድ ሞባይል ጠጋኝ አሳየሁት። ጨዋታ አዋቂ ነበር። «የወንድምሽ አገር ሰዎች ቁልፍ ይወዳሉ» እያለ ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ ስድስት፣ መሰላል ተጫነና የወጣውን ረጅም ቁጥር ገለበጠ። መክፈቻው ኮድ የሚመጣው አዲስ አበባ ካለ ሰው ነው። «ቀፎውን ውሰጂው፤ ነገ ይዘሽው ነይ፣ ሻይ ሳትጨርሺ እከፍትልሻለሁ» አለኝ። እየሳቅሁ ወጣሁ።

በማግስቱ ገና ሲነጋ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ጮኸ። አማተብኩ። ካርድ የሌለው፣ እኔው በእጄ ያጠፋሁት ስልክ ነው የሚጮኸው። አውጥቼ ሳየው የማንቂያ ደወል ነው። በእኛ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል፣ እሱ ግን አሥራ አንድ ይላል፤ የሚቆጥረው የወንድሜን አገር ሰዓት ነው። ላጠፋው ስል እናቴ ከኋላዬ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አልሰማኋትም።

«ተይው፣ ይጩህ» አለችኝ።

«ሰው ይቀሰቅሳል እኮ እማዬ።»

«ሱቁን የሚከፍትበት ሰዓት ነው። ተይው አልኩሽ!»

እስኪበቃው ድረስ ጮኸ፤ ሁለታችንም ቆመን ሰማነው። ሰዓቱን ላስተካክለው ብልም አልፈቀደችም። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ገና ሳይጮህ በፊት ተነስታ አጠገቡ ቁጭ ትላለች። ሲጮህ አንገቷን ደፍታ ትሰማዋለች፤ ዝም ሲል ተነስታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

ሰፈሩም ጠባዩን ለወጠብኝ። እሁድ ሲደርስ «ደቡብ አፍሪካ!» የሚል ጠፋ። ጋሼን ስጠይቃቸው «መስመሩ ተበላሽቷል ልጄ» አሉኝ። በዚያው ቀን ልብስ ሳሰጣ ግን ከአጥሩ ወዲያ ስልኩ ሲጠራ ሰማሁ። ጠርቶ፣ ጠርቶ፣ አንድ ሰው አነሳውና ሹክሹክታ ሆነ። «ጋሼ፣ ተሠራ እንዴ?» ብዬ ስጣራ ሹክሹክታው ቀጥ አለ። አጥሩ ሥር ሰዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሴቶች አንገቴን አቅፈው አይለቁኝም፤ ሲለቁኝ ጉንጬ እርጥብ ነው። የእነሱን እንባ በእጄ እየጠረግሁ «ኖርዌይ እኮ ነው የምሄደው፣ መቃብር አይደለም!» ብዬ ስቀልድ አንዷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ሮጠች። ሐይቁን ልሰናበት አሞራ ገደል ብወርድ፣ ከወንድሜ ጋር አብረው ዋና የተማሩት አሳ አጥማጆች መረባቸውን አስቀምጠው ተነሱልኝ። ለእኔ! ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያበሽቁኝ የኖሩ ጎረምሶች ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጅ ጨበጡኝ። ማንም አልቀለደብኝም። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ አሞራዎች ብቻ እንደ ወትሯቸው በመካከላችን ይንጎራደዳሉ።

ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። ለቪዛው ብዬ ሐኪም ቤት ተመርምሬ ነበር። ለእኔ ያልተነገረኝ ነገር ተገኝቶብኝ ይሆን? ልሞት ነው እንዴ? እያልኩ መስታወት ፊት ቆሜ ምላሴን አወጣሁ፣ የዓይኔን ቆብ ገለበጥኩ። ደህና ነኝ። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው የሚያለቅሰው ለማን ነው? ወንድሜ አንድ ነገር ሆኖ ይሆን የሚል ሐሳብ ብቅ ሲል አባረርኩት። እናቴን አያታለሁ፤ ሻንጣዬን እያዘጋጀች በርበሬና በሶ ትቋጥራለች፣ ፈገግ ትላለች። ልጁ የሆነ ነገር የሆነባት እናት በሶ አትቋጥርም፣ አልኩ።

ጠጋኙስ ቢሆን? ያ ተጫዋች ሰው ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ጨዋታው ጠፋ። በሄድኩ ቁጥር «ነገ» ነው። «ነገ ነገ ትለኛለህ፤ ነገ የሚባለው ቀን ሀዋሳ አልገባ አለ እንዴ?» ብዬ ብቀልድበትም አይስቅም። ከእኔ በኋላ የመጣ ሰው ሎክ የሆነ ቀፎውን አስከፍቶ ሲወጣ ባይኔ አየሁ። ደሜ ፈላ።

«ስማ፣ ወንድሜን በዚህ ስልክ ሳላነጋግር ኖርዌይ የሚባል አገር አልሄድም! ሻንጣዬን ዛሬውኑ እፈታዋለሁ፤ ያንተ ዕዳ ነው!» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። ቀፎውን ከእጄ ተቀበለና «እዚህ ይደር። ነገ ከሰዓት፣ ማርያምን» አለኝ።

በማግስቱ ከሰዓት ተከፍቶ ጠበቀኝ። ካርዴን ሲከተው ኔትወርክ መጣ። ደስታዬ! የወንድሜን ቁጥር ብፈልግ ግን ስም የሚባል የለም። የመጣ መልእክት የለም፣ የተደወለ ቁጥር የለም፤ ባዶ ቤት ሆኗል።

«ሲከፈት ይጠፋል» አለኝ ወደ ውጭ እያየ።

«ታዲያ አሁን በምን...» ብዬ ሳልጨርስ ስልኩ የደዋዩን ቁጥር ሳያሳይ እጄ ላይ ጠራ። የእኔን ቁጥር ከእናቴ በቀር ለማንም አልሰጠሁም።

«ሄሎ?»

«እህቴ፣ እኔ ነኝ» አለ በሻከረ ድምፅ። «ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘጋ። ሂጂ እሺ? በሰላም ግቢ።»

ወንድሜ ዕድሜ ልኩን «እህቴ» ብሎኝ አያውቅም። «አንቺ ጉረኛ» እስኪለኝ ጠበቅሁ። አላለም። ይልቅስ ከድምፁ ኋላ ቅዳሴ ሰማሁ። ያን ሰዓት የገብርኤል ድምፅ ማጉያም የፍልሰታን ቅዳሴ ለፒያሳ ሁሉ እያሰማ ነው። በአንድ ጆሮዬ ስልኩን፣ በሌላኛው ደብሩን አዳምጣለሁ። ቄሱ እዚህ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ እዚያም ከፍ ይላል። እዚህ ሳል ይዟቸው ሳሉ። እዚያም ሳሉ።

«የት ነህ?» አልኩት። ተዘጋ።

ጠጋኙን ዞር ብዬ ባየው ጀርባውን ሰጥቶኝ ግድግዳውን እያየ ነው።

እየሮጥኩ ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። «እዚያም ያበሻ ቤተ ክርስቲያን አለ» አለችኝ።

«ቄሱ ሳሉ እኮ እማዬ! እኩል ሳሉ! የደወለው እዚሁ ያለ ሰው ነው፤ እኔ አልሄድም!»

የያዘችው በሶ ከእጇ ወደቀ። ተንበርክካ ጉልበቴን ያዘች። «ሰምቼዋለሁ በይኝ» አለች። «ድምፁን ሰምቻለሁ በይና ሂጂልኝ። ሌላ ምንም አልለምንሽም። ሂጂልኝ።» እናቴ ለሰው ስትንበረከክ አይቼ አላውቅም፤ እንኳን ለእኔ። በጣም ፈራኋት። «ሰምቼዋለሁ» አልኳት።

የሄድኩ ዕለት ማልደን ወጣን። እናቴ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ጥርሷ እስኪታይ እየሳቀች ሸኘችኝ። «ስትገቢ በጋሼ ስልክ ደውዪ፤ ያኔ ተሠርቶ ይጠብቅሻል» አለችኝ። መታጠፊያው ላይ የእድሩ ድንኳን ከነምሰሶው በጋሪ ተጭኖ ቆሟል፤ ወንዶቹ ዙሪያውን ከበው የተሳፈርኩባት ሚኒባስ እስክታልፍ ይጠብቃሉ። እስከ መናኸሪያ የሸኙኝን ጋሼን «ማን ሞቶ ነው?» ብላቸው «ሰርግ ነው ልጄ፣ ሰርግ» አሉኝ። የአዲስ አበባው መኪና ከሀዋሳ መውጫው ላይ ጥቁር ውሃን ካለፈ በኋላ ነው ልብ ያልኩት፤ በፍልሰታ ሰርግ የለም። ሹፌሩን አቁም ልለው አፌን ስከፍት ቀፎው ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ይኸው ሱቁን እየከፈተ ነው፣ ደህና ነው፣ ብዬ ራሴን ሸነገልኩና ጉዞዬን ቀጠልኩ።

ኖርዌይ የተቀበለችኝ እዚያው የምትማር ያገሬ ልጅ ናት። ልደውል ስላት «ስልኩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ምዝገባው» ብላ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወሰደችኝ። ተመዝግቤ ክፍሌ ከገባን በኋላ ነው የዚያን አገር ካርድ ገዝታ የሰጠችኝ። ቀፎው ሳያንገራግር ተቀበለው። ሰዓቱን ላስተካክል ብዬ ብመለከት ልክ ነው፤ በዚያ ወቅት የኖርዌይና የደቡብ አፍሪካ ሰዓት አንድ ነው። ልጅቷ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ውሃ ግን አልጠየቅኋትም።

የጋሼ ስልክ ገና ከመጥራቱ ተነሳ። እናቴ ናት።

«ደረስሽ?»

«ደረስኩ እማዬ።»

«ተመዘገብሽ?»

«ተመዘገብኩ።»

«አጠገብሽ ሰው አለ?»

«አለች።»

«እጅሽን ትያዝሽ» አለችኝ። ልጅቷ ቀድማ ይዛኝ ነበር።

ያኔ እናቴ በእነዚያ ቀናት ሁሉ የዋጠችውን ለቀቀችው። «ወይኔ ልጄን! ልጄን! ወንድምሽን ሱቁ በር ላይ ገደሉብኝ!» ከኋላዋ የሰፈሩ ሴቶች በአንድ ጊዜ ጮኹ። ድንኳኑ ሥር ተቀምጠው፣ እኔ እስክደውል አንዳቸውም ሳያለቅሱ ይጠብቁ ነበር።

የቀረውን የሰማሁት በኋላ ነው። እናቴ ቀፎውን ያመጣውን ሰው ውጭ በር ላይ ፊቱን አይታ አወቀች፤ እሱም መደበቅ አልቻለም። በዚያው ዕለት ቤት ለቤት እየዞረች «ልጄ መንገደኛ ናት፣ መርዶዋን ያዙልኝ» ብላ ሰፈሩን ለመነች። የራሷንም ለቅሶ አብራ አስያዘች። በሻከረ ድምፅ የደወለልኝ ያው ሰው ነበር፤ ከጋሼ ስልክ። ቀፎውን መክፈት ደግሞ ምንም አያጠፋም። ውስጡ ወንድሜን «እውነት ነው ወይ? የት ነህ?» የሚሉ የጓደኞቹ መልእክቶች ነበሩበት፤ ጠጋኙ ሲያድር አንድ በአንድ ደመሰሳቸው። እናቴ ሁሉንም አጥፋ ብላዋለች። ማንቂያውን ብቻ አትንካብኝ ብላዋለች።

በማግስቱ ማለዳ፣ ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ቀፎው ትራሴ አጠገብ ጮኸ። እናቴም ሀዋሳ ሆና በዚሁ ደቂቃ ተነስታ ከቁም ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጣለች፤ የምትሰማው ግን የላትም፣ ለእኔ ሰጥታኛለች። አብራኝ ያደረችው ልጅ ደንግጣ ልታጠፋው እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አልኳት። «ይጩህ።»