የጓሮ አፈር

አባቴ ዶማውን ከእጄ ቀሙኝ። ስንት ጊዜ ቆይቶ የመጣ ልጅ ቆፍሮ ይበላል እንዴ ብለው አስቀመጡኝ፤ እኔ ስጎርስ እሳቸው አፈሩን በፌስታል ሞልተው አመጡልኝ።

የሄድኩት ለሥራ ነበር። ያን ሰሞን ከቢቸና እስከ ሞጣ እየዞርን የአፈር ናሙና እንሰበስባለን። አሲድ የበዛበት መሬት በካርታ ተለይቶ ኖራ ሊታደል ነው፤ ኖራ ካላገኘ ዘር ይበላል እንጂ አያበቅልም።

የሁሉን ገበሬ ማሳ መለካት አይቻልም። ስለዚህ እዚህም እዚያም ከተበተኑት ነጥቦች ተነስቼ በመካከል ያለውን በኮምፒውተር እገምታለሁ። ራዲያል ቤዚስ ፈንክሽን የሚሉትን ስሌት እወደው ነበር። እያንዳንዱ ነጥብ እንደ ምድጃ ሙቀት በዙሪያው ይሰማል፤ ሲርቅ ይደክማል፤ የሁሉም ሲደመር ካርታው ይወጣል። በተለካው ቦታ ላይ ግን ከልኬቱ ዝንፍ አይልም። የሰጡትን ያምናል።

የአባቴ አፈር ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። በዙሪያው ያለው መንደር በሙሉ ካርታው ላይ አረንጓዴ ሆነ። ደስ አለኝ፣ ሞኙ። ኖራው አሲድ በዝቶበት ቀይ ወደሆነው ወደ ሞጣ በኩል ተጭኖ አለፈ።

በመስከረም ስሄድ ስንዴው ቢጫ ሆኖ ከጉልበት አልዘለለም። ያን አፈር ከየት ነው የዘገኑት ብዬ አባቴን ጠየቅኋቸው።

«ከጓሮ ነው፤ አመድና ፍግ ከጠገበው። የመንግሥት ሰው ሆነህ መጥተህ የሚያሳፍር አፈር ላሸክምህ?»

መቆጣት አቃተኝ። ማሳው እዚያው ደጅ እያለ ቁጭ ብዬ የበላሁት እኔ ነኝ።

ቢቸና ተመልሼ ያቺን አንድ ነጥብ ከስሌቱ አወጣኋት። አረንጓዴው ጠፍቶ መንደሩ እንዳለ ቀይ ሆነ። ለአለቃዬ አሳየሁት። ኖራው ተከፋፍሎ አልቋል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይታያል አለኝ። ለመንኩት፤ ግን ምን ያድርግ፣ በእጁ የለም።

ለመንደሩ ልናገር ተመለስኩ። ከአባቴ ቀጥሎ ያለው ማሳ ባሏ የሞተባት የጎረቤታችን ነው፤ አራት ልጅ የምታሳድገው በሱ ብቻ ነው። ካርታውን ዘርግቼ የሷን ቦታ በጣቴ አሳየኋት።

«የኔን መሬት ግን ማን አየው?» አለችኝ።

ማንም አላየውም አልኳት። ከአባቴ ጓሮ ተነስቼ የገመትኩት እኔ ነኝ።

ካርታውን አጣጥፋ መለሰችልኝ። ከዚያ ማጭዷን አነሳችና፣ ለከብት እንኳ ይሁን ብላ፣ ያላፈራውን ስንዴ ማጨድ ጀመረች።